ውሃ የጠጡት ይጠብቁ

ሰኞ፣ ጥር 25 ቀን 2007

ዛሬም ፕሌቱ፣ ናሙና የምንለካበት ባለጉድጓዱ ሳህን፣ አማረ። ሰባት ቁጥርን የጠጡት አይጦች ናሙና ያለባቸው ጉድጓዶች ገርጥተው፣ ውሃ ብቻ የጠጡት ደግሞ ቢጫ ሆነው ወጡ። በእኛ መለኪያ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ቀለሙ በገረጣ ቁጥር ከአንጎሉ የተገኘው ኤንኬፋሊን ብዙ ነው ማለት ነው። ኤንኬፋሊን አንጎል ለራሱ የሚሠራው የሕመም ማስታገሻ ነው። ለእማዬ ሳስረዳት «ሰው ሁሉ ውስጡ የራሱ ፋርማሲ አለው» ብያት፣ «የኔን ታዲያ ማን አሸገው?» ብላ አስቃኛለች።

አለቃዬ ዶክተር ተስፋሚካኤል ከኋላዬ ቆመው ሲያዩ ቆዩና ትከሻዬን ቸብ አድርገውኝ ሄዱ። እሳቸው እንዲህ ካደረጉ ሌላ ሰው እልል አለ ማለት ነው። ሰባት ቁጥር ከአገራቸው ያመጡት ሥር ነው፤ እውነተኛ ስሙ ከዚህ ከቃሊቲው የምርምር ማዕከላችን ግቢ እንዲወጣ አይፈልጉም። መጋቢት አጋማሽ ላይ እንግዶች ይመጣሉ፤ ከሚኒስቴሩም፣ ሥሩን በክኒን መልክ ለማውጣት ካሰበው ፋብሪካም። እስከዚያ ጥቂት ፕሌት ይቀረኛል።

እማዬ ከኅዳር ጀምሮ ትጠጣዋለች። ይኸው፣ ቢያንስ እዚህ ልጻፈው። ካንሰሩ ከጡቷ ተነሥቶ አጥንቷ ውስጥ ገብቷል ያሉን ጊዜ ሆስፒታሉ የሞርፊን ሽሮፕ አዝዞላት ነበር። «ሞርፊንማ ለሚሰናበት ሰው ነው» ብላ አሻፈረኝ አለች። የመጀመሪያው ፕሌት ያማረው በዚያው ሳምንት ነው። ዱቄቱን በጠርሙስ አመጣሁላት። ዶክተሩ ሳያዩኝ ቀርተው አይመስለኝም፣ ግን እንዳላዩ አለፉኝ። በሰቃ ሰፈር ካለው ቤቷ አውጥቼ እኔ ጋ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ካመጣኋት ወዲህ አንድ ቀን አመመኝ ብላ አታውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 29

በጥድፊያ። መብራት እንደ ልማዱ አራት ሰዓት ላይ ሄደ። ባለመድኃኒቶቹን ጨርሰን ነበር፣ ተመስገን። የውሃዎቹ ቀሩ። ረዳቴ ዚያድ ቡታጋዙን ለኮሰ፤ አንጎሎቹ የሚቀቀሉበት አሲድ አልፈላ ብሎ ዘመን ፈጀ። የወጡት አንጎሎች ከጭማቂ ቤት በለመንነው በረዶ ላይ ጠበቁ። በረዶ ላይ ናቸው፣ ምን ይሆናሉ።

እማዬ ደወለች። ምሳ መብላቴን ጠየቀች። እሷ ደህና ናት።

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ለእንግዶቹ የሚነበበውን የአሠራር ገለጻ ስጽፍ ዋልኩ። አይጧ ከሞተች በኋላ አንጎሏ ይወጣል፤ ከመሃሉ የምንፈልጋት ቁራጭ ተቆርጣ ወዲያውኑ የፈላ ቀጭን አሲድ ውስጥ ትገባለች። ካልገባች ራሱ አንጎሉ ውስጥ ያሉት ኢንዛይሞች ኤንኬፋሊኑን ይበጣጥሱታል፤ ሙቀቱ ነው የሚገድላቸው። ከዚያ ወዲያ ያለው መፍጨት፣ በሴንትሪፉጅ ማዞርና ፕሌት ላይ መጨመር ነው፤ እሱን እንኳን እኔ፣ ዚያድም ዓይኑን ጨፍኖ ይሠራዋል።

«ወዲያውኑ» የሚለው ቃል ላይ ብዕሬ ትንሽ ቆመች። ዶክተሩ ሥራውን ስንጀምር «ባለመድኃኒቶቹ ይቅደሙ፣ ውሃ የጠጡት ይጠብቁ» ብለው ነው ያዘዙን። ምክንያት አላቸው፤ መድኃኒቱ ኃይሉ ሳይበርድ መያዝ አለበት፣ ውሃ የጠጣ ግን ምን የሚያልፍበት ነገር አለው? ጄኔሬተሩ ደግሞ ከፍሪዘሮቹ ሌላ አይችልም። «ወዲያውኑ» እንዳለ ይቀመጥ።

ቤት ስገባ እማዬ ነጠላዋን ዘርግታ አሳየችኝ። አይጥ በላብኝ አለች። ጫፉ ተጨማዶ ተቦጫጭቋል፤ እርጥብም ነበር፣ አጥባው ይሆናል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አይጥ! በቦርሳዬ ይዣት መጥቼ እንዳይሆን ብዬ ደነገጥኩ። ከሱቅ ወጥመድ ገዝቼ አልጋዋ ሥር አጠመድኩ።

ሰኞ፣ የካቲት 9

ሁዳዴ ገባ። እማዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልትጾም ነው። የታመመ ሰው አይገደድም ብላት፣ በርትቻለሁ እኮ፣ ምን ሆኜ ነው የማልጾመው አለችኝ። እውነቷን ነው። አምና ይሄን ጊዜ ሁለት ቀን መጾም አቅቷት ነበር። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምን እንደምትበላ አላውቅም፣ እኔ ሥራ ላይ ነኝ። ሰሃኑን ታጥቦ ተደፍቶ ነው የማገኘው።

ዶክተሩ ቢሯቸው ጠሩኝ። ስለ ፕሌቶቹ ትንሽ አወሩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እናትሽ እንዴት ናቸው አሉኝ። በጣም ደህና ናት፣ እየጾመች ነው አልኳቸው። ደስ አላቸው። ለይስሙላ አይደለም፣ ዓይናቸው ሁሉ በራ። የእንግዶቹ ዕለት መኪና ልኬ ባስመጣቸውና ሁለት ቃል ቢናገሩ አሉ። ሰው ቁጥር አይቶ ያመነታል፣ እናት ስትናገር ግን ያምናል። እጠይቃታለሁ አልኩ።

ስጠይቃት እማዬ ከት ብላ ሳቀች። ጥጥ ፋብሪካ ስትሠራ ለእንግዳ አበባ እንድትሰጥ ተመርጣ ታውቃለች፤ ያኔ ለብሳው የነበረውን ቀሚስ አወራችኝ። ትመጣለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 14

ወጥመዱ ባዶ ነው። አንድ ሌላ ጨመርኩ።

እማዬ አልጋውን ትታ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ታድራለች። አየሩ ደስ ይላል ትላለች። ገላን ላይ ከፋብሪካው የሚመጣ ሽታ ካልሆነ ምን አየር አለ?

ጓደኛዋ እትዬ የሺሐረግ ከበሰቃ መጥተው ነበር። አብረው ክር ያዞሩ ናቸው። ከሱቅ ተመልሼ ደረጃውን ስወጣ በሩ ገርበብ ብሎ ድምፃቸው ይሰማል። እትዬ የሺሐረግ የሆነ ነገር ሲመክሯት፣ እማዬ «እሷ ፊትማ ትንፍሽ አልልም» ስትል ሰማሁ። ገፋ አድርጌ ስገባ ሁለቱም ስለ እድር ማውራት ጀመሩ። እድሩ ውስጥ ጠብ እንዳለ አውቃለሁ፤ እኔን ማስገባት አይፈልጉም።

እትዬ የሺሐረግ ሲወጡ ደረጃው ላይ እጄን ያዙና ለረጅም ጊዜ ሳይለቁ አዩኝ። ከሳሁባቸው መሰለኝ። ሥራ ነው አልኳቸው።

ረቡዕ፣ የካቲት 18

ሁሉም ነገር የተዘበራረቀበት ቀን። እማዬ ከወንበሩ ልትነሣ ስትል እግሯ ደንዝዞባት ብዙ ቆየን። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። ሙቀት ነው አለች፣ በጠዋቱ። አርፍጄ ደረስኩ። መድኃኒቱ የሚሰጠው በእኔ እጅ ስለሆነ ባለመድኃኒቶቹ ገና አልጠጡም፤ ዚያድ ቁጭ ብዬ ከምጠብቅ ብሎ በውሃዎቹ ጀምሯል። የውሃዎቹ በመብራት ተቀቀሉ። የእኔዎቹ ተራ ሲደርስ መብራት ሄደ። ቡታጋዝ፣ በረዶ፣ ጥበቃ። ያው ነው።

ዓርብ፣ የካቲት 20

ያው አይደለም። ፕሌቱ ተገለበጠ። ውሃ የጠጡት ገርጥተው፣ ባለመድኃኒቶቹ ቢጫ።

ዚያድን ቱቦዎቹን አቀያይረሃል ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ከፍሪዘር አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረልኝ። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።

የመመርመሪያው ኪት ተበላሽቶ ይሆናል። ከአውሮፕላን ጣቢያ ሲመጣ ፀሐይ ላይ ቆሞ ይሆናል። አንዲት ፕሌት ናት። ስንት ያማሩ ፕሌቶች እያሉኝ በአንዲት ክፉ ፕሌት አልፈርድም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 24

ለዶክተሩ አልነገርኳቸውም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ልረጋጋ።

እማዬ ሬዲዮኑን በጣም ከፍ አድርጋ መክፈት ጀምራለች። ጆሮዋ እየደከመ ነው መሰለኝ፤ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ ከሬዲዮኑ በቀር የሚሰማኝ ነገር የለም። ዝቅ አድርጊው ስላት ታደርገዋለች፣ ትንሽ ቆይቶ መልሶ ይጮኻል።

የነጠላዋ ሌላው ጫፍም ተበልቷል። ወጥመዶቹ እንደተዘረጉ ናቸው።

ዓርብ፣ የካቲት 27

ምሳ ሰዓት ላይ ዚያድን ይቅርታ ጠየቅኩት። የአባቱ ሱቅ እዚሁ አቃቂ ነው፤ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አባቱ ተጨቃጫቂ ደንበኛ ሲመጣ እንዴት እንደሚያስተናግዱ ይነግረኝ ጀመር። ሳቅን። ከዚያ ሳላስበው ነጠላውን አወራሁለት፤ የአይጡን፣ የወጥመዱን። መሳቁን አቆመ። አያቱ ከመሞታቸው በፊት የጋቢያቸውን ጫፍ እየነከሱ ነበር ድምፃቸውን የሚውጡት አለኝ። ይሄን ብሎ ወዲያው ስለ ሌላ ነገር አወራ።

ሰው ሁሉ አንድ አይደለም። የእሱ አያት መድኃኒት አልነበራቸውም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 1

ገና ሳይነጋ ቃሊቲ ደረስኩ። ዘበኛው የተጣላሁት ሰው አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ዚያድን ለምኜ አስመጥቼው ነበር። ዛሬ ቅደም ተከተል የለም፤ አንድ ባለመድኃኒት፣ አንድ ባለውሃ፣ አንድ ባለመድኃኒት፣ አንድ ባለውሃ። መብራት ሳይሄድ ሁሉም እንደወጣ የፈላው አሲድ ውስጥ ገባ፤ በረዶ ላይ የጠበቀ የለም። ኪቱ የመጨረሻው ነው። ለዶክተሩ አልተነገረም። ለማንም።

ለምን እንደማደርገው አልጽፍም። ለማረጋገጥ ነው።

ዓርብ፣ መጋቢት 4

ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ማንበቢያው ማሽን ውስጥ ሁለት ጊዜ አስገባሁት። ከዚያ ፕሌቱን መስኮት ጋ ወስጄ በዓይኔ አየሁት። ሁሉም ገርጥቷል፤ ውሃ የጠጣውም፣ ሰባት ቁጥር የጠጣውም። ልዩነት የሚባል የለም። ከጥቅምት ጀምሮ ስለካ የኖርኩት መድኃኒቱን ሳይሆን የአቃቂን መብራት ነው። በጊዜ የተቀቀለው አንጎል ኤንኬፋሊኑ ተረፈለት፤ በረዶ ላይ ቡታጋዝ የጠበቀው ኢንዛይሞቹ በሉበት። በረዶ ያዘገያቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ ይሄን ገለጻው ላይ በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ።

ለዶክተሩ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡኝ ሰሙ። አንድ ፕሌት ነው አሉ፤ የተገለበጠውንም ጨመርኩላቸው። ኪት እስኪመጣ ወራት ይፈጃል፣ እንግዶቹ ደግሞ በአሥር ቀን ውስጥ ይመጣሉ አሉ። ይህን ሥር ለሃያ ዓመት ሲያስቡት እንደኖሩ፣ እናታቸው ወገባቸውን ሲያማቸው እሱን እየጠጡ እንዳሳደጓቸው ነገሩኝ። ልጠላቸው ፈልጌ አቃተኝ።

«የእናትሽስ ነገር?» አሉኝ መጨረሻ ላይ። «አይጦቹን ተያቸው። ወይዘሮ ወርቅውሃ አልዳኑም?»

ማንም ሰው እናቴን ከምንም ጋር አነጻጽሮ አልለካትም ልላቸው እችል ነበር። እኔ ራሴ ለተማሪ የማስተምረው ነው። ግን ከአፌ አልወጣ አለ፤ ምክንያቱም ነጠላው ፊቴ ላይ ድቅን አለ። ታጥቦ የተደፋው ሰሃን፣ ወንበሩ፣ ሬዲዮኑ። አንዱንም ያላየሁት የለም። ሁሉንም አይቻለሁ፤ ለሁሉም ስም ሰጥቼ አልፌዋለሁ።

እሑድ፣ መጋቢት 6

ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጠርሙሱን ከፍታ ሰባት ቁጥሯን እየበጠበጠች ነበር። ብርጭቆውን ከእጇ ተቀበልኳትና አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ከመንገድ ላይ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበር፤ ጠፋብኝ።

«እማዬ፣ ይሄ ነገር አይሠራም» አልኳት። «የለካሁት ተሳስቼ ነው።»

«አውቃለሁ» አለችኝ።

ከመቼ ጀምሮ ብዬ ጠየቅኳት። ከገና በፊት አለች። ትንሽ ልጅ በትዕግሥት እንደምታስረዳ ሁሉ ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ለምን ዝም አልሽ ስላት ነጠላዋን ጎትታ ጫፉን እቅፏ ውስጥ ደበቀችው፤ አሁንም ከእኔ ልትደብቀው።

«ምን ልበልሽ? ማታ ማታ ስትገቢ እንዴት ነሽ ትይኛለሽ። ደህና ነኝ ስልሽ ፊትሽ ይበራል። ያመኛል ብልሽ ሥራሽ ውሸት ሆነ ማለት ነው። ያን ሁሉ ተምረሽ! እኔ እንደሆን መታመሜ አይቀር፣ ቢያንስ አንቺ ይሳካልሽ ብዬ ነው።»

«አንገትሽን ደፍተሽ ለእንግዶቹም ልትናገሪልኝ ነበር?»

«አሳምሬ ነዋ» አለች።

አለቀስኩ። እሷ አላለቀሰችም፤ ጸጉሬን ዳሰሰችልኝ። ሆድ ይፍጀው ብላ አራት ወር። እኔ ደግሞ ሞርፊን የሚገባው ኤንኬፋሊን በሚገባበት በዚያው በር መሆኑን በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምስል ሰው ነኝ። «የሚሰናበት ሰው መድኃኒት ነው» ስትል ተቀምጬ ላስረዳት እችል ነበር። አላስረዳኋትም። እምቢ ማለቷ ተመቸኝ፤ ፕሌቴ ያማረበት ሳምንት ነበራ። ይሄን ማንም አያነበውም፣ እኔ ግን ጽፌ ላየው ይገባል።

ሰኞ፣ መጋቢት 7

ከብሎካችን ላዳ የሚነዳው ኦልጅራ ሆስፒታል ወሰደን። ደረጃውን አዝሎ ነው ያወረዳት። መንገዱ ሲያንገጫግጨን መሪውን እንደያዘ ይቅርታ ይላል፣ ጉድጓዱን እሱ የቆፈረው ይመስል። እማዬ አንድ ጊዜ አቃሰተች። ድምፁን ሰምቼው አላውቅም።

የድሮው ማዘዣ ጊዜው አልፏል። እንደ አዲስ ወረፋ ያዝን። ሲስተር አማረች የምትባል ነርስ ናት ያየችን፤ አጭር፣ ችኩል፣ ፈገግታ የማታውቅ። ሕመሙ ከአሥር ስንት ይሆናል ብላ እማዬን ጠየቀቻት። እማዬ ወደ እኔ ዞረች።

«እሷን አይዩ» አለቻት ሲስተር አማረች። «እኔን ይዩ።»

እማዬ ወደ ነርሷ ዞረች። ከዚያ ቀስ ብላ «ዘጠኝ» አለች።

ሲስተር አማረች ምንም ሳይመስላት ጻፈችው። ስለ መሰናበት እማዬ ስትጠይቃት፣ ይሄን ሽሮፕ ዓመት ሁለት ዓመት እየጠጡ ገበያ የሚወጡ ሰዎች አሉኝ፣ እርስዎ መጀመሪያ ይተኙልኝ አለቻት። ስለ ጾሙም ጠየቀቻት፤ መድኃኒት ነው፣ ለቄሱ እኔ እመልስለታለሁ አለች። እማዬ ወደደቻት።

ማታ የመጀመሪያውን ሰጠኋት። አልጋ ላይ ተጋደመች። ሬዲዮኑን ልክፈትልሽ ወይ አልኳት። ይቅርብኝ አለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 10

ከእንግዶቹ ገለጻ ላይ ስሜ እንዲሰረዝ ለዶክተሩ ጻፍኩላቸው። የአሠራሩን እውነት ከሥሩ አያይዤ ሰጠኋቸው። አልተቆጡም። የሳምንት ፈቃድ ውሰጂ፣ ስትመለሺ እንነጋገራለን አሉ። ስመለስ ወንበሬ ይኑር አይኑር አላውቅም። ፈራሁ፤ የቤቱ ኪራይም የእማዬ ታክሲም ከዚያው ወንበር ነው የሚወጣው። ዚያድ እስከ በር ሸኘኝና አይጦቹን አበላለሁ፣ አታስቢ አለኝ።

እማዬ ዛሬ በቀን ሁለት ጊዜ በላች። ሽሮፑ ያቅለሸልሻታል፣ ሆዷንም አድርቆታል። ስለ ሆዷ ስታማርር እንዴት እንዳማረባት!

ሰኞ፣ መጋቢት 14

ጠዋት ከታች መኪና ጥሩምባ ነፋ። ዶክተሩ መኪናውን አላስቀሩትም። የረሱት ይሁን፣ እሷ ትምጣልን ብለው ተስፋ አድርገው ይሁን አልገባኝም። ወርጄ ሹፌሩን አገኘሁት፤ ወይዘሮ ወርቅውሃን አምጣ ተብዬ ነው አለኝ። ተኝታለች አልኩት። ልጠብቃቸው አለ። አትጠብቅ፣ እንቅልፍ ላይ ናት አልኩት። እንግዶቹ ደርሰዋል፣ ምን ልበላቸው አለኝ። ተኝታለች፣ ልጇ አትቀሰቅሳትም በላቸው አልኩ። ሰውዬው ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ወደ ቤት ገብቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። አፏን ከፈት አድርጋ፣ በጎኗ ተኝታ ታንኮራፋለች። ከኅዳር ጀምሮ በጎኗ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ቃሊቲ ያን ሰዓት ምን እየተባለ እንደሆነ አንድ ሁለቴ አሰብኩና ተውኩት።

የነቃችው ከሰዓት በኋላ ነው። መኪናው መጥቶ ነበር ወይ አለችኝ። መጥቶ ሄደ አልኳት። አልከፋትም።

«እንዴት ነሽ እማዬ?» አልኳት።

አፏ «ደህና» ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፣ አየሁት። ከዚያ ተወችው። እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች፣ ወደ ጀርባዋ፣ ወደ ዳሌዋ፤ ቤቷን ከረጅም መንገድ መልስ እንደምትፈትሽ ሰው።

«ጀርባዬ ትቶኛል» አለችኝ። «እዚህ ጎኔ ላይ ግን ያመኛል።»

ተነሥቼ ሽሮፑን ቀዳሁላት።